ከቤት ቃጠሎ በኋላ ጭስ የገባበትን ካሜራና ሌንስ ማዳን፦ ዝርዝር መመሪያ

እሳቱ ካሜራችሁ ያለበት ክፍል ባይደርስም ጭሱ ይደርሳል። በበር ስር ይገባል፣ በቁም ሳጥን ክፍተት ይሾልካል፣ ዚፑ የተዘጋ ቦርሳ ውስጥም ይገኛል። እሳቱ ጠፍቶ ስትመለሱ ካሜራው አልተቃጠለም። ግን ጥቁር ነገር ለብሷል፣ ይሸታል።

ያኔ እጅ ወዲያው ወደ ሁለት ነገር ይሮጣል። አንዱ ያገኙትን ጨርቅ አንስቶ ሌንሱን መወልወል ነው። ሌላው "ይሠራ ይሆን?" ብሎ ማብራት ነው። ጭሱ ያልገደለውን ካሜራ እነዚህ ሁለቱ ሊገድሉት ይችላሉ። ሌላውን ለማንበብ አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፦ አታብሩት፣ አትወልውሉት።

ቤታችሁ ተቃጥሎ ይህን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ አይዟችሁ። ጭስ ብቻ የነካው ካሜራ ብዙ ጊዜ ይድናል። ውስጡ ያሉት ፎቶዎች ደግሞ ከካሜራው የተሻለ የመትረፍ ዕድል አላቸው።

ጭሱ ምኑን ነው የሚጎዳው?

ጥላሸት የከሰል ብናኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠርጎ መገላገል ነበር። የዛሬ ቤት ውስጥ ግን የሚነደው እንጨት ብቻ አይደለም። ፕላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ሁሉ አብሮ ይነዳል። ከእነዚህ ክፉው ፒቪሲ ነው። በሽቦ ሽፋን፣ በቧንቧና በወለል ንጣፍ ውስጥ ይገኛል። ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ከጥላሸቱ ጋር ብረት ላይ ያርፋል፣ መብላትም ይጀምራል።

ስለዚህ ጉዳቱ እሳቱ ሲጠፋ አያበቃም። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ዝገቱ ይቀጥላል። እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ እሳት የጠፋበት ቤት በውሃ የራሰ ስለሆነ አየሩ ሁሉ እርጥብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት የሚወስኑት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ኤሌክትሪክ ነው። ጥላሸት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሰርክዩት ቦርድ ላይ ያሉት መስመሮች እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። እርጥብና አሲዳማ ጥላሸት በመካከላቸው ካለ፣ ካሜራውን ስታበሩት ኤሌክትሪኩ በማይገባበት ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ባይቃጠል እንኳ ኤሌክትሪኩ ዝገቱን ያባብሰዋል።

ሦስተኛው መስታወቱ ነው። ጥላሸት ውስጥ ደቃቅ ጠጣር ነገሮች አሉ። በደረቅ ጨርቅ ሲታሹ የሌንሱን ሽፋን ይጭራሉ፤ የተጫረ ሽፋን ደግሞ አይመለስም።

ከማጽዳት በፊት የጥላሸቱን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። ነጭ ወረቀት ወስዳችሁ የቦርሳውን ውጭ ወይም የካሜራውን ሳጥን በቀስታ ነካ አድርጉ፤ ካሜራውን አይደለም። ብናኙ እንደ ዱቄት ከረገፈ ደረቅ ነው። ወረቀት፣ እንጨትና ጥጥ በፍጥነት ሲነዱ የሚወጣው ይህ ነው፤ ለማጽዳትም ይቀላል። ወረቀቱ ላይ ከተለቀለቀ ቅባታማ ነው። ፕላስቲክና ስፖንጅ ቀስ ብሎ ሲጨስ የሚመጣ ነው። ይህኛው በማናፈሻ አይነሳም፤ ማሟሟቻ ይፈልጋል።

ነጭ ወይም ቢጫማ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ የእሳት ማጥፊያ ዱቄት ሊሆን ይችላል። በብዙ የቤት ማጥፊያዎች ውስጥ ያለው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው። እርጥበት ሲያገኝ እሱም አሲዳማ ሆኖ ብረት ይበላል። ስለዚህ "ማጥፊያው ነው እንጂ ጭስ አይደለም" ብላችሁ አትተዉት።

ራሳችሁን ጠብቁ፣ ከዚያ ፎቶ አንሱ

ወደ ቤቱ የምትገቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከፈቀዱ በኋላ ብቻ ነው። ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ ጭንብል፣ የናይትራይል ጓንትና መነጽር አድርጉ። ይህ ለይምሰል አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥላሸት ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጥላሸትን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ዕቃውን የምታጸዱት አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለበት ሰው አይቅረቡ። የምግብ ጠረጴዛ ላይም አይሁን።

ምንም ነገር ከማንሳታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዕቃው ያለበትን ቦታ በሰፊው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቀረብ ብላችሁ። ሲሪያል ቁጥሩ የሚታይ ከሆነ እሱንም። ኢንሹራንስ ካላችሁ ይህ ማስረጃችሁ ነው። ባይኖራችሁም ጠጋኙ ምን እንደነካው ለማወቅ ይረዳዋል።

ካርቶኑና ደረሰኙ ተቃጥሏል? መፍትሔ አለው። ብዙ ካሜራዎች የራሳቸውን ሲሪያል ቁጥር በሚያነሱት ፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፋሉ፤ አንዳንዶቹ የሌንሱንም ይጨምራሉ። ለወዳጅ በኢሜይል የላካችሁት ወይም ክላውድ ላይ ያስቀመጣችሁት አሮጌ ፎቶ ካለ አውርዱትና የፎቶውን ዝርዝር መረጃ በሚያሳይ ፕሮግራም ክፈቱት። ያልተቀነሰና ያልተነካ ኦሪጅናል ፋይል መሆን አለበት። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የወጣ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ይህ መረጃ ተወግዶለታል።

የኢንሹራንስ ሰው እስኪመጣ ዕቃውን ባለበት ትቶ መጠበቅ የለባችሁም። አብዛኛው ውል ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚቻላችሁን እንድታደርጉ ይጠብቅባችኋል። ባትሪ ማውጣትና ወደ ደረቅ ቦታ መውሰድ ከዚህ ይቆጠራል። ፈትቶ ማጽዳት ግን አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ጠይቁ። የተበላሸ የሚመስለውንም ቢሆን እነሱ ሳያዩት አትጣሉ።

የመጀመሪያው ቀን

ባትሪውን አውጡ። ከካሜራው፣ ከፍላሹ፣ ከማይክሮፎኑ፣ ከሪሞቱ፣ ከሁሉም። የፍላሽ ባትሪዎች ተራ ድንጋይ ቢሆኑም ይውጡ። የባትሪው መክደኛ ከተጣበቀ አትታገሉት፤ ለጠጋኝ ተዉት።

ሙቀት ያገኘው የሊቲየም ባትሪ ለብቻው የሚታይ አደጋ ነው። ካበጠ፣ ከቀለጠ፣ ካፈሰሰ ወይም እንግዳ ሽታ ካለው ቻርጅ እንዳታደርጉት። ከጊዜ በኋላ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑ። በማይቃጠል ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ፣ ከሌላ ነገር አርቃችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ባትሪ ወደሚቀበል ቦታ አስረክቡት እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል። ውጩ ደህና መስሎ ከሆነስ? እኔ በበኩሌ ሙቀቱ የደረሰበት ክፍል ውስጥ የነበረ ባትሪን መልሳችሁ አትጠቀሙበት ነው የምለው። ባትሪ ይተካል።

ቀጥሎ ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። ሌንሱን ግን ከካሜራው አትንቀሉ። ከነቀላችሁት የውጩ ጥላሸት ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶውን ወደሚሠራው ክፍል ይገባል። ካሜራው ያለ ሌንስ ከነበረና ክፍት ከሆነ መክደኛውን ግጠሙበት፣ ወደ ታች አዙራችሁ ያዙት።

የዙም ሌንስ ካላችሁ ቀለበቱን አታዙሩ። ዙም ሌንስ ሲረዝምና ሲያጥር እንደ ወናፍ አየር ይስባል፣ ይተፋል። አሁን የሚስበው አየር ጥላሸት ያለበት ነው። ለፎከስ ቀለበቱም ያው ነው። ባለበት ይቆይ።

ከዚያ ዕቃውን በሙሉ ከተቃጠለው ቤት አውጡት። ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳጥን አዘጋጁና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በበቂ መጠን አድርጉበት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ አብራችሁ አስገቡ። ከ50 በመቶ በታች እንዲሆን ነው የምንፈልገው። የሲሊካ ጄሉ ቀለም ሲቀየር ቀይሩት። ካሜራውን ከነቦርሳው እንዳታስገቡት። ቦርሳው ጭሱን መጦ ይዟል፤ አብረው ከተዘጉ መልሶ ይሰጠዋል።

በውሃ የረጠበ ካለ ሳጥኑን ወዲያው አትዝጉበት። መጀመሪያ ላዩን ያለውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያላችሁ ምጠጡ፤ አትሹት። የካርድና የባትሪ ክፍሎቹን ከፍታችሁ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ስር አስቀምጡት። የፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃና ፀሐይ አይሞከሩ። ሙቀት በውስጡ ያለውን ቅባት ያቀልጣል፣ ማድረቂያው ደግሞ ጥላሸቱን ወደ ውስጥ ይነፋል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይረዳም። ብናኙ ይጨመርበታል እንጂ። የእሳት ማጥፊያ ውሃ የገባበት ካሜራ ቢደርቅም ዝገቱ በውስጡ ስለሚቀር ባለሙያ ሳይከፍተው አታብሩት።

ፎቶዎቹን አድኑ

ካሜራ ይገዛል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶዎቹን ወደ ደህና ቦታ አሻግሩ።

የሜሞሪ ካርድ ቺፕ ጠንካራ ነው። ብዙ ኤስዲ ካርዶች እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ካርዱን በእጅ ማናፈሻ አራግፉት። የወርቅ ቀለም ያላቸውን ኮንታክቶች 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ የጥጥ እንጨት ጥረጉ፤ እስኪደርቅም ጠብቁ። ከዚያ በርካሽ ካርድ ሪደር አንብቡት እንጂ በካሜራው አይደለም። ሪደሩ ቢበላሽ አይቆጭም።

ኮምፒውተሩ "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉ። ካልተነበበ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ዳታ መልሶ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት። ፕላስቲኩ የቀለጠ ካርድ እንኳ ውስጡ ያለው ቺፕ ደህና ሊሆን ስለሚችል አትጣሉት። ከተነበበ ሁሉንም ሁለት የተለያየ ቦታ ቅዱ። ካርዱን ከዚያ በኋላ ለሥራ አትጠቀሙበት።

ሃርድ ዲስክ ከካርድ የበለጠ ስስ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ያለው አብዛኛው ሃርድ ድራይቭ ለአየር ግፊት ተብሎ የተተወች በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ማጣሪያ ቢኖራትም ጭስና ውሃ በብዛት ሲመጣ አትመኩባት። ያለ ባክአፕ ያስቀመጣችሁት ዲስክ ከሆነና ሙቀት ወይም ውሃ ነክቶት ከሆነ ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት። በቀጥታ ወደ ባለሙያ ይሂድ። አንድ ጊዜ መሽከርከሩ ብቻ የዲስኩን ገጽ ሊጭረው ይችላል።

ፊልም የምታነሱ ካላችሁ፣ ያልታጠበ ፊልም ሙቀት ካገኘ ምስሉ ጉም በመሰለ ጥላ ሊጋረድ ይችላል። ሳትዘገዩ አሳጥቡት፣ ለላቦራቶሪውም ምን እንደደረሰበት ንገሩ። ደረቅ ኔጌቲቭ ላይ ያለ ጥላሸት በማናፈሻና በጣም በለሰለሰ ብሩሽ ብቻ ይነሳል። ጭስ የሸተተውን የፕላስቲክ መያዣ ቀይሩት። የረጠበ ኔጌቲቭ ግን ተጣብቆ እንዳይደርቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዴ ተጣብቆ ከደረቀ ሲላቀቅ ምስሉ አብሮ ይነሳል። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደረጠበ አቆዩትና በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሱት።

የካሜራውን ውጭ ማጽዳት

የሚያስፈልጋችሁ፦ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ማናፈሻ፣ ሁለት ለስላሳ ብሩሽ (አንዱ ለመስታወት ብቻ)፣ ብዙ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የሌንስ ወረቀት፣ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጥጥ እንጨት። ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቫኩም ካለ በጣም ይረዳል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የታመቀ አየር ግን ይቅር። ግፊቱ ጥላሸቱን በየቀዳዳው ይከታል፣ አንዳንዴም ፈሳሽ ይተፋል።

ሥራው ሁልጊዜ ከደረቅ ወደ እርጥብ ይሄዳል። ጥላሸቱ ሳይራገፍ ፈሳሽ ከነካችሁት ጥቁር ጭቃ ሆኖ በየስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ ካሜራውን ሌንሱ እንደተገጠመ፣ የሌንሱ ክዳን እንደተከደነ ያዙት። የቫኩሙን አፍ ጥቂት ሴንቲሜትር አርቃችሁ በብሩሽ ጥላሸቱን ወደ እሱ ጥረጉ። ከላይ ጀምሩ፣ ወደ ታች ውረዱ። ብሩሹን ቶሎ ቶሎ አራግፉ።

ደረቁ ሲያልቅ ወደ እርጥቡ እለፉ። ጨርቁን በውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ንከሩና በደንብ ጭመቁት፤ መንጠብጠብ የለበትም። አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፣ ጨርቁን እያገላበጣችሁ። የቆሸሸ የጨርቅ ገጽ ተመልሶ ካሜራውን አይንካ። ቅባታማው ካልለቀቀ በአይሶፕሮፒል የረጠበ ጨርቅ በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ መሞከር ይቻላል። የጎማ መያዣው ላይ ግን አልኮል አታብዙ፤ ጎማውን ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል። ስክሪኑ ላይም ለስክሪን ከተሠራ ማጽጃ ሌላ አትጠቀሙ።

ፍላሹ የሚሰካበት ቦታ፣ የባትሪው ክፍልና የማንገቻው ቀለበቶች በጥጥ እንጨትና በአልኮል ይጸዳሉ። እዚህ ጋ ዓይናችሁን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ብረቱ ላይ ካያችሁ ዝገቱ ጀምሯል ማለት ነው። ውጩ ከጀመረ ውስጡም ሳይጀምር አይቀርም። ያ ካሜራ በቀጥታ ወደ ጠጋኝ ይሂድ።

ሌንሱ

ገንዘቡም ልፋቱም ያለው ሌንስ ላይ ስለሆነ እዚህ ጊዜ ስጡት።

ፊት ለፊቱ የተገጠመ መከላከያ ፊልተር ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ጥላሸቱን የተቀበለው እሱ ነው። ፈትታችሁ ጣሉት (ኢንሹራንስ ካላችሁ እነሱ ካዩት በኋላ)፤ ለማዳን አትልፉ። ሲፈታ ሌንሱን ወደ ታች ያዙ፣ ክሩ ላይ ያለው ብናኝ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ።

ክዳኑ እንዳለ በመጀመሪያ የሌንሱን ጎን አጽዱ። ዙሙ ወጥቶ ከነበረ የወጣው ክፍል በተለይ ይጽዳ፤ ወደ ውስጥ ሲመለስ የተጣበቀበትን ሁሉ ይዞ ይገባልና። ጎኑ ሙሉ በሙሉ ሳይጸዳ ቀለበት አይዞርም።

ከዚያ ሌንሱን ንጹሕ ክፍል ውስጥ ከካሜራው ንቀሉ። ካሜራውን ወደ ታች ዘቅዝቁና ወዲያው ክዳኑን ግጠሙ። የፊት መስታወቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በማናፈሻው ደጋግማችሁ ንፉ። የሚላቀቀው ይውደቅ። ቀጥሎ ለመስታወት ብቻ በለያችሁት ብሩሽ፣ ሳትጫኑ፣ ከመሀል ወደ ዳር አራግፉ። እንደገና ንፉ።

አሁን ፈሳሹ። ወረቀቱ ላይ ጠብ አድርጉ እንጂ መስታወቱ ላይ አታድርጉ። መስታወቱ ላይ ከፈሰሰ በዳሩ ገብቶ ውስጥ ይቀራል። የረጠበውን ወረቀት መስታወቱ ላይ አስቀምጡና ጥቂት ሰከንድ ተዉት፣ ቅባቱ ይሟሟ። ሳትጫኑ በአንድ አቅጣጫ ስባችሁ አንሱትና ጣሉት። አዲስ ወረቀት፣ እንደገና። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ መነሳት ሲጀምር ብቻ ከመሀል ወደ ዳር እያዞራችሁ ማጽዳት ትችላላችሁ። ወረቀት አትቆጥቡ። አንድን ወረቀት ሁለት ጊዜ መጠቀም ያነሳችሁትን ጠጣር መልሳችሁ መስታወቱ ላይ መጎተት ነው።

የኋላውን መስታወት በዚሁ መንገድ፣ ይበልጥ በጥንቃቄ አጽዱ። ፊት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ኋላ ላይ ያለችው ግን የመታየት ዕድሏ ሰፊ ነው። ኮንታክቶቹን በአልኮልና በጥጥ እንጨት ጥረጉ። በእርሳስ ላጲስ አትሹ። ቀጭኑን የወርቅ ቅብ ይልጠዋል።

ውጩ ሲያልቅ ውስጡን እዩ። ክፍሉን አጨልሙ። ከኋላ በኩል የባትሪ መብራት አብሩና በፊት በኩል ዘወር እያደረጋችሁ ተመልከቱ። መብራቱ ወደ ዓይናችሁ በቀጥታ አይምጣ። ጥቂት የጥላሸት ነጥብ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ፎቶ ላይ አይታይም። ጉም የመሰለ መጋረጃ ካያችሁ ግን ጭሱ መስታወቶቹ መካከል አርፏል። ያ ሌንስ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ጉሙን ለማንሳት ሌንሱ መፈታት አለበት። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። መስታወቶቹ የሚቀመጡበት ልክ በጣም ጥብቅ ነው፣ አንዱ ዘወር ካለ ሌንሱ ዳር ዳሩ አይጠራም።

የሙቀት ምልክቶቹ ሌላ ናቸው። የጎማ ቀለበቱ ላልቷል ወይ? ፕላስቲኩ ጠሟል? የመስታወቱ ዳር ላይ ቀስተ ደመና ወይም ነጭ ነጠብጣብ ይታያል? እርስ በርስ የተጣበቁ መስታወቶች ማጣበቂያቸው ሲለቅ እንዲህ ይሆናሉ። ሌንሱ ውስጥ የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያሰፋውና የሚያጠበው የዲያፍራሙ ቢላዎች ላይ ቅባት ያብረቀርቃል? በሙቀት የቀለጠ ቅባት ወደዚያ ፈስሶ ነው። ቢላዎቹ ይዘገያሉ፣ ፎቶውም ከልክ በላይ ይበራል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣ ርካሽ ዙም ውስጡ ከጎመ ለጥገና አትክፈሉበት። ጥሩ ሌንስ፣ በተለይ ቋሚ የትኩረት ርቀት ያለው (ዙም ያልሆነ) እና ሙቀት ያልነካው፣ መፈታት ይገባዋል። ሙቀት ካጠመመው ዋጋው ምንም ቢሆን ተስፋው ትንሽ ነው።

ሴንሰሩና የካሜራው ውስጥ

ካሜራው ሌንስ ወይም ክዳን ተገጥሞለት ከነበረ ሴንሰሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ክፍት ከነበረ ግን ሴንሰር በማጽዳት ልምድ ያላችሁም ብትሆኑ ይህን አትንኩት። የቤት ማጽጃው ለተራ አቧራ የተሠራ ነው። ቅባታማ ጥላሸት ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ላይ ተለቅልቆ ይቀራል። ፎቶ ሲነሳ ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋው የሻተሩ ቢላዎች ላይም ተቀምጦ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ እንዲነኩ የተሠሩ አይደሉም። አሮጌ ሜካኒካል ካሜራም ቢሆን ሳይጸዳ ሻተሩን አትወጥሩት።

ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ እውነቱን ንገሩት። ጭስ፣ ውሃ፣ የማጥፊያ ዱቄት፣ የትኛው እንደነካው። ከፍቶ ቦርዶቹን ያጸዳል ወይስ ውጩን ብቻ? የዛገ ኮንታክት ይቀይራል? ዋስትና ይሰጣል? አንዳንድ የአምራቾች ጥገና ማዕከሎች ጭስ የነካውን አይቀበሉም። ያኔም ቢሆን "አይጠገንም" የሚል ጽሑፍ ጠይቁ፤ ለኢንሹራንስ ይሆናችኋል። የጥገናው ዋጋ ከተመሳሳይ ያገለገለ ካሜራ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ አልጠግንም። ጭስ የገባበት ካሜራ ከተጠገነም በኋላ ሌላ ችግር ሊያመጣ ይችላልና።

ኢንሹራንሱ ሲከፍል በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ ያገለገለበት ተቀንሶ? ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ፍላሽ፣ ትራይፖድ፣ ቦርሳ

ፍላሽን አትፍቱ። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ባትሪው ወጥቶም ሊቆይ ይችላል። የስቱዲዮ መብራት የበለጠ አደገኛ ነው። ማቀዝቀዣ ፋን ያለው ከሆነ በቃጠሎው ጊዜ በርቶ እንደሆነ አስታውሱ። ከነበረ ጭሱን ስቦታል።

ትራይፖድ ቀላል ነው። እግሮቹን ፈታቱ፣ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ መገጣጠሚያዎቹን አዲስ ቅባት ቀቡ። ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዘር ፊልተር ሙቀት ካገኘ ንብርብሩ ስለሚላቀቅ ይጣል። የጨርቅ ማንገቻ ይታጠባል፣ የቆዳው ግን ሽታውን አይለቅም።

ቦርሳው የሚያሳዝን ጉዳይ ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሽታም አሲድም ይዟል፣ ታጥቦም አይለቅም። ካሜራውን አጽድታችሁ እዚያው ብትመልሱት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስ ግዙ።

ሽታውን ማስለቀቅ

ዕቃው ከጸዳ በኋላ ሽታው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አክቲቬትድ ካርቦን (ሽታ የሚመጥ ከሰል) በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ከዕቃውና ከሲሊካ ጄሉ ጋር በተዘጋው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። በየሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንት ካርቦኑን ቀይሩ። ሽቶና የአየር ማጣፈጫ አትርጩ። ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያወጣም፣ መስታወቱ ላይም ያርፋል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ከቃጠሎ በኋላ ቤት የሚያጸዱ ድርጅቶች ሽታ ለማጥፋት ክፍሉን በኦዞን ይሞላሉ፣ ወይም በሙቀት የሚረጭ ጭጋግ ይለቁበታል። ኦዞን ጎማን ያሰነጥቃል። ጭጋጉ ደግሞ ቅባታማ ነገር ሌንስ ላይ ያሳርፋል። እነሱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የፎቶ ዕቃችሁን ከቤት አውጡ።

መሞከር

ጸድቶ፣ ደርቆ፣ ጥርጣሬ ያለበት በጠጋኝ ታይቶ ሲያልቅ ነው የሚበራው። አዲስ ባትሪ፣ ባዶ ካርድና ብዙም የማትሳሱለትን ሌንስ ተጠቀሙ። ሲበራ ሙቀት ወይም ሽታ ከመጣ ወዲያው ባትሪውን አውጡ።

ከሠራ ቸኩላችሁ አትርኩ። ሻተሩን በሁሉም ፍጥነት ሞክሩ። እያንዳንዱን ቁልፍና መዘውር ንኩ። ሁለቱንም የካርድ ቦታ፣ ዩኤስቢውን፣ ኤችዲኤምአዩን፣ ፍላሹ የሚሰካበትን ፈትሹ። ዲያፍራሙን አጥብባችሁ፣ በኤፍ 16፣ ነጭ ግድግዳ አንሱና አስፍታችሁ እዩ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ነጥብ ይታያል። በየሌንሱ ዲያፍራሙን ሙሉ ከፍታችሁ ከሩቅ ያለ ዝርዝር ነገር አንሱ። አንዱ ጎን ብቻ ካልጠራ ሙቀት መስታወቱን አንቀሳቅሶታል። ማታ የመንገድ መብራት አንሱ። በመብራቱ ዙሪያ ሰፊ ጭጋግ ከታየ ሌንሱ ውስጥ ጭስ አለ። ተከታታይ ፎቶ በትንሽ ዲያፍራም አንሱና ብርሃኑ እኩል መሆኑን አወዳድሩ።

ይህን ሁሉ ከወር በኋላ ድገሙት፣ ከሦስት ወርም በኋላ እንዲሁ። ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዛሬ የሚሠራ ቁልፍ በኋላ እምቢ ሊል ይችላል። እስከዚያ ድረስ ለሠርግ ወይም ለማይደገም ሥራ ያን ካሜራ ብቻውን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሌላ ተጠባባቂ ይኑር። የኢንሹራንሱንም ፋይል በእነዚህ ወራት አትዝጉ፣ ከተቻለ በኋላ የሚመጣ ብልሽት እንዲካተት በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ቀን ከሸጣችሁት ጭስ ውስጥ እንደነበረና ምን እንደተደረገለት ለገዢው ንገሩት፣ የጠጋኙንም ወረቀት አብራችሁ ስጡት።